የኢንደስትሪያል ሙዚቃ ወዳጅ ጆሮ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍልዎ። እኔ፣ ታላቅ ወንድሜና ሁለት ጓደኞቼ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ኢንደስትሪያል ስንሰማ ነው የኖርነው፤ ናይን ኢንች ኔይልስ፣ ሚኒስትሪ፣ ስኪኒ ፓፒ፣ ፍሮንት 242። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ግን ተበታተንን። አንዷ ጓደኛዬ ቀጥ ባለ የማሽን ምት የሚደነስበት ቴክኖ ብቻ ሆናለች። ሌላው ፈጣንና የተሰባበረ ምት ያለው ድራም ኤንድ ቤዝ ካልሆነ አይሰማም። እኔ ጭራሽ ምትም ቃልም የሌለው አምቢየንት ነው የምወደው። ወንድሜ ብቻ ከሚኒስትሪ ንቅንቅ አላለም፤ እኛን «ለዝባችኋል» እያለ ያበሽቀናል። ጣዕማችን ተበላሽቶ ነው? ለምንስ ሁላችንም ወደ አንድ ቦታ አልሄድንም? ወደ ድሮው እንመለስ ይሆን?»

ምላሽ፦

ጣዕማችሁ አልተበላሸም። ነገሩን ያወሳሰበው «አራታችንም አንድ ሙዚቃ እንሰማ ነበር» ብለሽ መነሣትሽ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከመጀመሪያውም አራታችሁ አራት ነገር ነበር የምትሰሙት። ኢንደስትሪያል ውስጥ የማሽን ምት አለ፣ የተቀደደ ሻካራ ድምፅ አለ፣ የሚከብድ ድባብ አለ፣ ጊታርና የሚጮህ ሰው አለ። አንዱ ሰሚ ምቱን ብሎ ይመጣል፣ ሌላው ሻካራነቱን፣ ሌላው ጩኸቱን። በአንድ ስፒከር ዙሪያ ተቀምጣችሁ ስትሰሙ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ቆይቶ እያንዳንዱ የወደደውን ነገር አጥርቶ የያዘ ሌላ ሙዚቃ ሲያገኝ ወደዚያው ይሳባል። ባሕር ዳር ላይ በድምፅ ቀረጻና ቅልቅል ስሠራ የማውቃቸው የኢንደስትሪያል ወዳጆች በሙሉ በዚህ መንገድ ነው የተበተኑት። ብዙ አይደለንም፣ እንተዋወቃለን።

ወንድምሽ «ለዝባችኋል» ሲል ግን አንድ ነገር ረስቷል። መጀመሪያ የሄዱት ሰሚዎቹ አይደሉም፤ ሙዚቀኞቹ ናቸው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ትሮቢንግ ግሪስል የሚባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1975 ተመሠረተ፤ በዓመቱ ኢንደስትሪያል ሬከርድስ የሚል የራሱን አሳታሚ ከፈተ፤ የሙዚቃው ስምም ከዚያው ወጣ። ስማቸው ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ጩኸቱንና አስደንጋጩን መድረክ ነው። በ1979 ባወጡት አልበም ውስጥ ግን ኮዚ ፋኒ ቱቲ በሹክሹክታ የምታዜምበት፣ ከሥሯ ሲንተሳይዘሩ ሳያቋርጥ የሚመላለስበት አንድ ሥራ አለ። ዓመቱን ሳትነግሪ ለጓደኛሽ ብታሰሚያት «የማን ቴክኖ ነው?» ትልሻለች። ቡድኑ በ1981 ሲፈርስ ከአባላቱ ኮዚና ክሪስ ካርተር ለስለስ ወዳለ ኤሌክትሮኒክ ዞሩ። ፒተር ክሪስቶፈርሰን ቆይቶ ከጆን ባላንስ ጋር በኮይል ስም ቀጠለ፤ ኮይልም በ1991 አሲድ ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ በግልጽ የሚሰማበት አልበም አወጣ። እንግዲህ ወንድምሽ የሚወቅሰው እናንተን ነው ወይስ ሙዚቃውን የፈጠሩትን?

የካባሬ ቮልቴር ታሪክ ደግሞ ለጥያቄሽ ይበልጥ ቁልጭ ያለ መልስ አለው። የእንግሊዟ ሼፊልድ የብረታ ብረት ከተማ ናት፤ ቡድኑ እዚያ በ1973 ሲጀምር የሚሠራው በቴፕ ቁርጥራጭና በተዛባ ድምፅ ነበር። በ80ዎቹ መጀመሪያ ምቱ እየጠራ፣ ቤዙ እየከበደ መጣ፤ ሰው ተቀምጦ ግራ ከሚጋባበት ሙዚቃ ተነሥቶ ወደሚደንስበት ሆነ። በ1990 ከአባላቱ አንዱ ሪቻርድ ኬርክ፣ ዲጄ ፓሮት ከሚባል የከተማው ልጅ ጋር ሆኖ ስዊት ኤክሶርሲስት በሚል ስም አንድ ሥራ ለቀቀ። ያሳተመው በዚያችው ከተማ ገና በ1989 የተቋቋመው አሳታሚ ዋርፕ ነው። ሥራውን ስትከፍቺው መሣሪያ የሚፈተሽበት የመሰለ ቀጭን ጢጥታ ትሰሚያለሽ፣ ከሥሩ ደረት የሚነካ ቤዝ፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ። ከድሮው የካባሬ ቮልቴር ሥራ ጩኸቱ ወጥቶ ማሽኑ ብቻ ቀርቷል። ለእኔ ከኢንደስትሪያል ወደ ቴክኖ የሚወስደውን መንገድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሥራ የለም።

የቴክኖ መነሻ ወደሆነችው ዲትሮይትም ብትሻገሪ ያው ነው። ጄፍ ሚልስ ከማይክ ባንክስ ጋር አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የሚባለውን የቴክኖ ቡድን ከመመሥረቱ በፊት ፋይናል ከት በሚባል የኢንደስትሪያል ቡድን ውስጥ ነበር። ስኪኒ ፓፒን ከጠቀስሽ አይቀር ደግሞ፣ ከቫንኩቨሩ ቡድን በ1986 የወጣው ቢል ሊብ ፍሮንት ላይን አሴምብሊን መሠረተ፤ ጎን ለጎንም ዴሊሪየም የሚባል ሌላ ሥራ ነበረው። በዚህ በዴሊሪየም ስም ከሳራ ማክላክላን ጋር የሠራው ዘፈን በቲየስቶ ሪሚክስ ተደርጎ በ2000 አካባቢ የትራንስ ዳንስ ቤቶችን ሁሉ አዳረሰ። ከስኪኒ ፓፒ ተነሥቶ ትራንስ ውስጥ ለመድረስ ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ አልፈጀበትም። ትራንሱን እኔ አልወደውም፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ እናንተ። ቴክኖ የያዘችው ጓደኛሽ ከአራቱ ቡድኖች ፍሮንት 242ን አብልጣ ትወድ እንደነበር እወራረዳለሁ። እነዚህ ቤልጂጎች በ1981 ነው የጀመሩት፤ ሙዚቃቸውን ኤሌክትሮኒክ ቦዲ ሙዚክ አሉት። አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው፦ የማይወላገድ ምት፣ የሚደጋገም የቤዝ ሐረግ፣ ትእዛዝ የሚሰጥ የመሰለ ድምፅ። ትእዛዝ ሰጪውን ብታወጪው የሚቀረው ለቴክኖ አንድ እርምጃ ነው የቀረው።

ይህን በጆሯችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ወፍጮ ቤት ሂዱ። ቀልዴን አይደለም። ከከተማ ወጣ ስትሉ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ዛሬም አይጠፋም። ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ ስልክሽን ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገሽ አንድ ደቂቃ ቅጂ፤ በጣም ከተጠጋሽ የስልኩ ማይክ ይጨናነቅና ድምፁ ይቆራረጣል። በደቂቃ 650 ጊዜ የሚዞር፣ አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በደቂቃ 325 ጊዜ ዱፍ ይላል። ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቺው። እንዳለ ስትሰሚው ኢንደስትሪያል ነው፤ የቆርቆሮው መንቀጥቀጥ፣ የቺንጋው ፉጨት፣ እህሉ ከድንጋዩ ጋር ሲፋጭ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች በጩኸት ሲያወሩ፣ ሁሉም አለበት። ፍጥነቱን ወደ 40 በመቶ አውርጂው፤ በደቂቃ 130 ምት ይመጣል። ከላይ ያለውን ሻካራ ድምፅ በፊልተር ስትቆርጪው የቀረሽ የቴክኖ ኪክ፣ ማለትም ወፍራሙ የከበሮ ምት ነው። በግማሽ ፍጥነት ብታስኬጂው ደግሞ 162 ገደማ ይሆናል፤ የድራም ኤንድ ቤዝ ሰፈር ጫፍ ላይ ደረስሽ ማለት ነው። በመጨረሻ ኦሪጅናሉን መልሰሽ ፖልስትሬች የሚለውን ኢፌክት ክፈቺና ዐሥሩን ሴኮንድ ወደ ዐሥር ደቂቃ ዘርጊው። ምቱ ይጠፋል፤ የሚያጉረመርም ረጅም ድምፅ ብቻ ይቀራል። ያ ያንቺ አምቢየንት ነው። ጥሬው አንድ ነበር፤ እያንዳንዳችሁ የቆረጣችሁት ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ነው።

(በኤሌክትሪክ የሚሠራው የከተማ ወፍጮ ለዚህ ሙከራ አይሆንም፣ ዱፍታ የለውም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ የሞተሩ ጉርምርምታ 100 ኸርዝ አካባቢ ጎልቶ ይሰማል፤ ድሮን የሚባለውን፣ ሳይቋረጥ የሚዘረጋ ድምፅ ያለውን ሙዚቃ ለመሥራት ግን ቆንጆ መነሻ ነው።)

ለቴክኖዋ ጓደኛሽ አንድ ጥቆማ፦ የቢርሚንግሃሞቹን ሰርጀንና ሬጂስን ትስማ። ሬጂስ ዳውንዋርድስ የሚባለውን አሳታሚ በ1993 ሲከፍት ሁለቱም ከጓዛቸው ጋር ኢንደስትሪያሉን ይዘው ነው ወደ ቴክኖ የገቡት፤ ሰርጀን ኮይልን የመሰሉ ቡድኖች ያሳደጉት ሰው ነው። በርሊንም ውስጥ ትሬዞር የሚባለው የቴክኖ ዳንስ ቤት በ1991 የተከፈተው በአሮጌ የገበያ አዳራሽ የገንዘብ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሌላው ዳንስ ቤት በርግሃይን ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በቀድሞ የኃይል ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ ነው። የኢንደስትሪያል ሰው እዚያ ቢገባ እንግድነት የማይሰማው ለዚህ ነው።

ድራም ኤንድ ቤዝ ስለያዘው ልጅ ብዙ አልልም። እሱ የምት ሰው ነው፣ ግን ቀጥ ያለው ምት ይሰለቸዋል። ምናልባት ጆሮው ስድስት ስምንተኛውን የእኛን ቺክቺካ ለምዶ፣ አራት አራቱ ሲደጋገም ባዶ ሆኖበት ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የጎጃም እስክስታ የሚወድ ልጅ ከሆነ ግን ግምቴን አጠናክራለሁ። ሚት ቢት ማኒፌስቶን ያዳምጥ። ከኢንደስትሪያሉ ጎራ ተቆጥረው፣ ከ80ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሰባበረ ድራምና ከባድ ቤዝ ሲያዋህዱ የነበሩ ናቸው።

አንቺን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤታችሁ በዐቢይ ጾም በገና ይከፈት ነበር? በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሩ ከታች ገበቴው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባለታል። አውታሩ ሲነካ ከቆዳው ጋር እየተጋጨ ያ የምናውቀው ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። ደርዳሪው ዝዝታው እስኪያምርለት ድረስ ቆዳውን በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ ሲያደርግ አይተሽ ይሆናል። በእኛ ሙያ ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ዲስቶርሽን (ድምፅን ማዛባት) ነው፤ በጥሬው አውታር ላይ ብዙ ከፍ ያሉ ድምፆችን ይጨምርበታል። በዚያ ላይ ዜማው ዝግ ያለ ነው፣ ቃሉ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ያንኑ ሐረግ ደጋግሞ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ድምፅ ያደገ ጆሮ ስኪኒ ፓፒ ውስጥ መጀመሪያ የሚይዘው ጩኸቱን ሳይሆን ከኋላ ያለውን ሻካራ ጉርምርምታ ነው። አምቢየንትና ድሮን ደግሞ ያንን ከኋላ የነበረውን ወደ ፊት ያመጣሉ። ስለዚህ የራቅሽው ከዘፋኙና ከድራሙ ነው እንጂ ከድምፁስ አልራቅሽም።

ላስትሞርድን ካልሰማሽው ፈልጊው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ከኢንደስትሪያሉ ቡድን ኤስፒኬ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ በ1990 ያወጣው ሥራ በዋሻ፣ በመቃብር ጓዳና በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የተቀዱ ድምፆች አሉበት። ማታ ብቻሽን ባትሰሚው ይሻላል፤ ወይም ስሚው። ወንድምሽ ናይን ኢንች ኔይልስን ከጠራብሽ ደግሞ፣ የቡድኑ መሪ ትሬንት ሬዝነር በ2008 ያለ አንድም ቃል 36 ሥራዎች በአንድ ስብስብ እንዳወጣ ንገሪው። ከአቲከስ ሮስ ጋር በ2011 ኦስካር የወሰደውም በፊልም ሙዚቃ ነው፤ አብዛኛው ዝግ ያለ፣ ፒያኖና የሲንተሳይዘር ጉርምርምታ። ከሀገር ልጅ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ አሉልሽ፤ ሁለቱም የሀገራችንን ድምፆች ከኮምፒውተር ሙዚቃ ጋር ያዋሃዱ ናቸው። ኃይሉ መርጊያም በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ከሥሩ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አድርጎ የቀዳው ካሴት ውስጥ ያ ደረቅ የማሽን ምት ከእኛ ቅኝት ጋር እንዴት እንደሚስማማ ትሰሚያለሽ። እውነቱን ለመናገር ከውጭዎቹ ግማሹን በእሱ እለውጣለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ምክንያት ልግባ፤ ለእኔ ግን ከትልልቆቹ አንዱ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ» ትያለሽ። በዚያ ሰሞን ከእናንተ አንዱ ደህና ሄድፎን ወይም ስፒከር አልገዛም?

የስልክ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። የቴክኖ ኪክ ጉልበቱ ያለው ደግሞ ከ50 እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ነው። እና ቴክኖ በስልክ ሲከፈት ኪኩም ቤዙም ጠፍተው ጭስ ጭስ የሚለው ሃይሃት (የጸናጽሉ ድምፅ) ብቻ ይቀራል። ያኔ «ይሄ ምኑ ሙዚቃ ነው?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ዲስቶርሽን የገባበት ኢንደስትሪያል ግን ስልክም ላይ ይሰማል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የ50 ኸርዝ ድምፅ ዲስቶርሽን ውስጥ ሲያልፍ 100፣ 150፣ 200 እያለ እስከ ሺዎቹ ድረስ እጥፎቹን ይወልዳል። ትንሹ ስፒከር 50ውን መሥራት ባይችልም እጥፎቹን ይሠራል፣ ጆሮሽም ከእጥፎቹ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ኮኑ የተቀደደ የባጃጅ ስፒከር ላይ ሚኒስትሪ ጥሩ ሆኖ የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስፒከሩ የሚጨምረው ማበላሸት ሙዚቃው ውስጥ ቀድሞም አለ።

እንግዲህ አስቢው። ስልክና ትንሽ ስፒከር ብቻ ያለው ልጅ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሁሉ ኢንደስትሪያልን ቢመርጥ ምርጫው በከፊል የስፒከሩ ነው። ዝቅ ያለውን ድምፅ በደንብ የሚያወጣ ሄድፎን ጆሮው ላይ በገባ ቀን ቴክኖ፣ ከሬጌ የወጣው ደብ፣ ድራም ኤንድ ቤዝ በአንድ ጊዜ ይከፈቱለታል። አምቢየንትም እንዲሁ፤ ውጭ ባጃጅ እየጮኸ፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ከፍቶ በስልክ ስፒከር የሚሰማ ነገር አይደለም። ስቱዲዮ የሚመጡ ልጆችን ድሮ ስልካቸው ላይ የተዉትን ትራክ በትልቁ ስፒከር ሳሰማቸው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። የማይለወጥም አለ፤ እሱ የእውነት አልወደደውም።

ቦታውም የራሱ ድርሻ አለው። አውሮፓ ውስጥ ኢንደስትሪያል የሚሰማ ሰው ከሙዚቃው ጋር ዳንስ ቤቱ፣ ጥቁር ልብሱ፣ ቦት ጫማው፣ የጓደኛው ክበብ አለው። ዘውጉን ሲተው ይህን ሁሉ ሊተው ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ አጥብቀው ይይዙታል፣ ወይም አጠገቡ ወዳለው፣ ልብሱን ወደማያስቀይራቸው ይሸጋገራሉ። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ቪኤንቪ ኔሽንና ኮቨናንት የመሰሉት ቡድኖች የትራንስ ዜማ ሲያስገቡ ተመልካቻቸው ያው ጥቁር ለባሽ ሆኖ የቀጠለው ለዚህ ይመስለኛል። (እኔን ይለሰልስብኛል፤ እዚህ ላይ ከወንድምሽ ጋር ነኝ።) ደብረ ማርቆስ ላይ የኢንደስትሪያል ዳንስ ቤት የለም። ባሕር ዳርም የለም። ያላችሁ አንድ ሚሞሪ ካርድና አራት ሰው ነው። ስለዚህ ማንም ዩኒፎርም አውልቆ አልወጣም፤ ጆሮው ወደመራው ሄደ እንጂ።

ፋብሪካ የሚለው ነገር ራሱ እኛ ዘንድ ሌላ ስሜት አለው። ሙዚቃው በተወለደባቸው የእንግሊዝ ከተሞች ፋብሪካው እየተዘጋ ነበር፤ የብረቱ ጩኸት ውስጥ ቁጣም ለቅሶም አለ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በ1961 ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ ሲከፈት ግን የከተማው ተስፋ ነበር፤ ዛሬም ቡሬ ላይ ስለ አግሮ ኢንደስትሪ ፓርኩ የሚወራው ስለ ሥራ ዕድል ነው። የጎጃም ልጅ ኢንደስትሪያልን ሲሰማ ያንን የሼፊልድ ቁጣ በውርስ አላገኘውም፤ የያዘው ድምፁን ነው። ድምፁን ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ከአንዱ ዘውግ ወደ ሌላው ሲሻገር ከባድ አይሆንበትም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራትም ያየሁት ነገር አለ። ቀድሞ ሰው የሚሻገረው አፑ «ይህን ከወደድክ ይህንንም ስማ» እያለው ነበር፤ አፑ የሚያየው ሌሎች ሰሚዎች ምን ከምን ጋር እንደሰሙ ስለሆነ ከናይን ኢንች ኔይልስ ቀስ በቀስ ወደ ቴክኖ መውሰዱ አይቀርም። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ሰው በፍላሽ መቀያየር ጀመረ። ያኔ የአንድ ሰው ፎልደር ሰፈሩን ሁሉ ይለውጣል፤ የድራም ኤንድ ቤዝ ፎልደር ያለው ልጅ ካለ ሰፈሩ ድራም ኤንድ ቤዝ ይሆናል። ሮፍናን በ2018 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ ወዲህ ኤሌክትሮኒክ የሚባለው ነገር ለጎረቤትም እንግዳ ስላልሆነ ጮክ አድርጎ መክፈቱም ቀሏል። እናንተም ማን ከማን ፍላሽ እንደወሰደ ብታስታውሱ ግማሹ እንቆቅልሽ ይፈታል።

ልማድም አለ። ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ በርበሬው አያቃጥለውም፤ ጆሮም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ስትሰሙት ያስደነገጣችሁ ዲስቶርሽን ከጊዜ በኋላ ተራ ድምፅ ይሆናል። ያን ድንጋጤ መልሶ የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ይበልጥ እየጮኸ ወደ ፓወር ኖይዝ መሄድ ነው። ሌላው ተቃራኒው፣ ድምፁ ሲመነምን በትንሽ ለውጥ መደንገጥ። የጀርመኑ አሳታሚ አንት-ዘን የሚያሳትመው በአብዛኛው ጩኸቱን ነበር፤ እህቱ ሃይመን ደግሞ ጸጥ ያለውንና ውስብስቡን፤ የሁለቱም ሰሚ ብዙ ጊዜ ያው ሰው ነው። የመጀመሪያውን መንገድ የመረጠ ሰው ካለ ከመካከላችሁ፣ ድምፁን ይጠንቀቅ። በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት ለሠራተኛ የሚፈቀደው ወሰን ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል ሩብ ሰዓት ነው ማለት ነው። ሄድፎን በደንብ ሲከፈት ይህን ይደርሳል። ማታ ጆሮ ውስጥ ጭው የሚል ድምፅ ካለ ያ ቀን በዝቷል።

ወንድምሽስ ለምን ቀረ? የወደደው ጊታሩንና የሚጮኸውን ሰው ስለሆነ ነዋ። ያ ነገር ኤሌክትሮኒክ ዘውጎች ውስጥ ብዙ የለም፤ ቢሄድም የሚሄደው ወደ ሜታል ነው። ይህ ጥፋት አይደለም። ግን «እኛ አልተለወጥንም» ሲል ሚኒስትሪን ምስክር አድርጎ መጥራት አይችልም። ሚኒስትሪ በ1983 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የሲንተሳይዘር ፖፕ ነበር። የ1986ቱን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው አድሪያን ሸርውድ ነው፤ የደብ ሰው፣ ቤዝና ኤኮ ሥራው የሆነ። ጊታሩ የገባው ከ1988 ወዲህ ነው። እነሱ ከኤሌክትሮኒክ ወደ ጊታር መጡ፣ እናንተ ከጊታር ወደ ኤሌክትሮኒክ ሄዳችሁ፤ መንገዱ ላይ መተላለፋችሁ ነው።

እንመለስ ይሆን ላልሽው፣ አብዛኛው ሰው ይመለሳል፣ ግን ለሌላ ነገር። ቴክኖ የሰማ ጆሮ ፍሮንት 242 ላይ ሲመለስ ዘፋኙን አልፎ የቤዙን ሐረግ አቀማመጥ ይሰማል። አንቺም አሁን ስኪኒ ፓፒን ብትከፍቺ ከጩኸቱ ኋላ የተደረደሩትን የቴፕ ድምፆች አንድ በአንድ ትለያቸዋለሽ። ሳይመለስ የሚቀርም አለ፣ በተለይ ሥራና ጥናት የበዛበት ሰው፤ ቃል ያለው ሙዚቃ እያነበቡ ለመስማት አይመችም። ፈተና ሲያልቅ ሞክሪው።

ከወንድምሽ ጋር አብራችሁ መስማት ከናፈቀሽ ጎድፍሌሽን ክፈቺለት። ጀስቲን ብሮድሪክ በ1988 ቢርሚንግሃም ላይ የጀመረው ነው፤ ጊታሩም ጩኸቱም አለ፣ ከበሮውን ግን ድራም ማሽን ነው የሚመታው። ከወደደው ያው ሰው ከኬቨን ማርቲን ጋር የሠራውን ቴክኖ አኒማል አስከትይ፤ እዚያ ጊታሩ የለም፣ ክብደቱ ግን አለ። በስልክ እንዳታሰሚው ብቻ። ካልወደደው ተይው፣ ሚኒስትሪውን ይስማ።